የብረት ሱፍና የባትሪ ድንጋይ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የድርጅቱ ደሞዝ ከፋይ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እሱ መስታወት ነው። ስሙን ያወጡለት የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰዎች ናቸው። እሱ ቫርኒሽ የቀባው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው የገዛ ፊቱን ስለሚያይ፣ አናጢዎቹ ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን እዚያው ላይ እያዩ ያበጥሩ ነበር። «መስታወት፣ እስቲ ጠጋ በልልኝ፣ ጺሜን ልላጭ ነው» ይሉታል። እሱ ቀና ሳይል መወልወሉን ይቀጥላል። ቀልድ ጠልቶ አይደለም። ቀልድ ይቆያል፣ ቫርኒሽ ግን ይደርቃል ባይ ስለነበር ነው።

ሙያው በሙሉ በአንድ እፍኝ የብረት ሱፍ ውስጥ ነበር። ይህ ሱፍ የበግ አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተባዝቶ የተጠቀለለ ነው። ድስት ከሚፈገፈግበት ሽቦ ጋር ቢዛመድም የሱ በጣም የለሰለሰ ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ከዚያ ቫርኒሽ መቀባት፣ ሲደርቅ በሱፉ ማሸት፣ እንደገና ቫርኒሽ፣ እንደገና ሱፍ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሽ ኖሮ እጁ ያገኘውን ሁሉ ማሸት ለመደ። የበር እጀታ፣ የማንኪያ ጀርባ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ምንም አያልፈውም። ሚስቱ «አንድ ቀን እኔንም አሽተህ ትጨርሰኛለህ» ትለው ነበር፣ ያኔ መናገር በምትችልበት ጊዜ።

ከሙያው ጋር የመጣ ሌላ ልማድም ነበረው፤ እሳት ይፈራል። ሰጋቱራ፣ የቲነር ጣሳና በዘይት የራሰ ጨርቅ አንድ ክፍል ውስጥ እያሉ እሳት የማይፈራ ሰው ካለ ሞኝ ነው። መስታወት የተጠቀመበትን ጨርቅ ከምሮ አያውቅም። አንድ በአንድ ገመድ ላይ ሳይዘረጋ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሌሎቹ «ልብስ አጣቢው» እያሉ ሲስቁበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እሱ በሠራበት ዘመን ሁሉ እዚያ ቤት አንዲት ጨርቅ እንኳ ጨሳ አታውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ እሱ የሚወራው ሌላ ነው።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ አንጓው፣ ከዚያ እስከ ክርኑ። ሐኪሙ ያን ሁሉ ዘመን የተነፈሰው ቲነር ሳይሆን አይቀርም አለው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፉ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ደረቱ ላይ ይቀራል። ይህ አልበቃ ብሎ ሚስቱ አንድ ቀን ልብስ ስታጣጥፍ በቁሟ ወደቀች። ከሆስፒታል ስትመለስ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ የሷ አልነበሩም። ምላሷም አብሮ ሄዷል። የቀራት ግራ እጇና «እ» የምትል አንዲት ድምፅ ናት። በዚያች ድምፅ ትጣራለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ መስታወት ይለየዋል። ሌላ ሰው አይለየውም፤ ልጃቸውም ብትሆን።

«ከሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣል» ይላት ነበር። «አንቺ የማይንቀጠቀጥ እጅ አለሽ፣ እኔ የሚሄድ እግር አለኝ። ሌላው ሰው እኮ ይሄን ያህል አልተሟላለትም።» እውነትም ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር። እሱ ያነሳታል፣ ያጥባታል፣ ያበላታል። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጎንበስ ይልላትና እሷ በግራ እጇ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች። አንዳንዴ ሆን ብላ አንዱን ቁልፍ ትዘለዋለች፤ እሱ ሳያይ መንገድ ሲወጣ ለብቻዋ ትስቃለች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አልጋው በአንድ ግድግዳ፣ የከሰል ምድጃው በሩ አጠገብ፣ አልጋው ሥር ደግሞ የሷ ንጹሕ ጨርቅና ጥጥ የሚቀመጥበት ካርቶን። ጠዋት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው እሳት ነበር። እሷ ሌሊቱን ረጥባ ታድራለችና በሞቀ ውሃ መታጠብ አለባት፤ የሞተው ጎኗ ደግሞ ብርድ ይገባበታል። አንድ ጠዋት መስታወት ክብሪት ጭሮ ከምድጃው ሳያደርሰው ከእጁ አመለጠና ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። በመዳፉ አጠፋው፤ የመዳፍ ስፋት ያላት ቀዳዳ ግን ቀረች። እሑድ ልጃቸው ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ቀዳዳዋን ነው።

ልጅቷ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ፣ አልጋዋን ከዘረጋች መቆሚያ በማይተርፍ ክፍል ውስጥ ትኖራለች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፍም ዘሎ ነው።»

«ፍም ከዚያ እዚህ ድረስ ይዘላል?» አለችና እጁን ያዘች። እጁ በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ስማኝ፣ አንዲት ክብሪት እዚህ ቤት ካየሁ እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ። አንተ አጎቴ ጋ ትገባለህ። የኔ ክፍል ሁለታችሁን አይችልም፣ ታውቀዋለህ።»

ጨክና አልነበረም፤ እያለቀሰች ነው የተናገረችው። መስታወት ግን ሞት እንኳ ቢመጣ ተራ በተራ ይወስደን ይሆናል እንጂ በቁማችን እንለያያለን ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምድጃውን የምታቀጣጥልላቸው ጎረቤታቸው ዳቦ ሻጯ ሆነች። ደግ ሴት ናት፣ ግን ዳቦው ከመጋገሪያ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች። እሷ እስክትመጣ ሚስቱ በረጠበ ልብስ ጥርሷን እያፋጨች ትጠብቃለች። እሱ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ እነዚያን የማይረቡ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ያያታል። በዕድሜው ካፈረባቸው ቀናት ሁሉ እንደነዚያ ጠዋቶች ያፈረበት የለም።

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ከማሸት አመሉ ነው። ሚስቱ ራስጌ ትንሽ ራዲዮ ነበረች፤ የቀራት ደስታ እሷ ናት። አንድ ጠዋት የራዲዮዋ ድምፅ ደከመ። መስታወት ከፍቶ ድንጋዩን አወጣው፤ ያ ሁለቱም ጫፎቹ በአንድ ራሱ ላይ ያሉት አራት ማዕዘኑ የባትሪ ድንጋይ ነው። ጫፎቹ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯቸዋል። ሌላ ሰው ቢሆን በጨርቅ ይጠርጋቸው ነበር። እሱ ግን ከሥራ ቤቱ ሲሰናበት ይዞት የመጣው አንድ ጣሳ ሱፍ ነበረውና፣ እጁ ሳያስበው ወደዚያው ሄደ። ቆንጠር አድርጎ ሁለቱን ጫፎች ማሸት ሲጀምር ሱፉ ውስጥ ቀያይ ክሮች መርመስመስ ጀመሩ። ጣቱን ለበለበው። ወለሉ ላይ ጣለውና ረገጠው። የጋለ ብረት ሽታ ክፍሉን ሞላው።

እጁን አየ። ለክብሪት አንዴ መትቶ ቀጥ የሚል እጅ ያስፈልጋል። ለዚህኛው የሚያስፈልገው ዝም ብሎ የሚያሽ እጅ ነው። የሱ እጅ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ ከዚህ በቀር ምንም አይችልም።

በማግስቱ ከምድጃው ከሰል ሥር ደቃቅ የእንጨት ልጣጭ ጎዘጎዘ፣ ልጣጩ ላይ ሱፉን አስቀመጠ፣ ድንጋዩን ደፍቶ አስጠጋው። እጁ እንደ ልማዷ ተንቀጠቀጠች። ሱፉ ቀላ፣ እፍ ሲለው ልጣጩ ተያያዘ፣ ከሰሉም ቀላ ቀላ ማለት ጀመረ። ዞር ሲል ሚስቱ በግማሽ አፏ እየሳቀች ነው።

«ክብሪት አየሽ?» አላት። «እኔ ክብሪት አላየሁም። የተከለከልኩት ክብሪት ነው። ስለ ራዲዮ ድንጋይ ማንም ምንም አላለኝም።»

«እ» አለች፤ ይህቺ የሳቅዋ ናት።

ያው ሰው ነውና ወዲያው ሕግ አወጣ። ሱፉ በጣሳ ተከድኖ በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ፣ ድንጋዩ ራዲዮው ሆድ ውስጥ። ሲይዛቸውም ድንጋዩ በቀኝ ኪስ፣ ሱፉ በግራ ኪስ፤ መቼም አንድ ላይ አይውሉም። ለሚስቱም በአንድ እጁ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይዞ አሳያት። «እነዚህ ሁለቱ ጨርቅ ውስጥ ቢገናኙ እኔም አንቺም የለንም» አላት። እሷ ቅንድቧን አነሳች፤ ገብቷታል። ለዳቦ ሻጯ ደግሞ ፍሙን በአመድ ቀብሬ እያሳደርኩ ነው አላት። «ይበሉ ጎበዝ፣ እኔም አረፍኩ» አለችው።

ለልጁ ግን አልነገራትም። እዚህ ላይ እኔም እወቅሰዋለሁ። ሊነግራት ያስባል፣ እሑድ ትመጣለች፣ ፊቷን ያያል፣ ለሚቀጥለው እሑድ ያስተላልፈዋል። ያስጨነቀው አታምነኝም የሚለው ነበር። እሳት በድንጋይና በሽቦ አቀጣጥላለሁ የሚል እጀ ሰባራ ሽማግሌ ማን ያምነዋል? እናቷን አንጠልጥላ ብትሄድስ?

ልጅቷ አንድ ጠዋት ባልተለመደ ቀን መጣች። ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛውን አሰናብቷል። መስታወት ምድጃው ላይ ጎንበስ እንዳለ የጫማዋን ኮቴ ሰማ። ድንጋዩን በቀኝ ኪሱ፣ ሱፉን በግራ ኪሱ ከተተ፤ በዚያ ድንጋጤ እንኳ አላደባለቃቸውም።

«ገና አልተቀጣጠለም?» አለች ስትገባ።

«ዳቦ ሻጯ ቆየች።»

«በቃ ዛሬ እኔ አለሁ። እማዬን ገላዋን አጥባታለሁ፣ ልብሱንም አጥባለሁ። አንተ ውሃ ቅዳልኝ። ና እስቲ ኮትህን አውልቅ፣ በእድፍ ብቻውን ሊቆም ነው እኮ።»

«ብርድ ነው፣ ኮቱ ይቅር።»

«አውልቅ አልኩህ እኮ» አለችና እንደ ሕፃን ከትከሻው ላይ ገፈፈችው። ሚስቱ ከአልጋው «እ» አለች። ይህቺ የማስጠንቀቂያዋ ነበረች፤ ለይቷታል። ኮቱን መልሶ ቢቀማ ነገሩ ሊወጣ ነው። ስመለስ ቀስ ብዬ ከኪሱ አወጣዋለሁ ብሎ አሰበና ሚስቱን ጠቀሳት። ባልዲውን አንስቶ ወጣ።

ቧንቧው ጋ ሰልፍ ነበር። ከፊቱ የቆሙት ሴቶች ባልዲውን እንያዝልህ አሉት። «ተዉኝ፣ እኔ ስሸከመው ውሃው ራሱ እየዘለለ ይወጣል፣ ክብደቱ ይቀንሳል» አላቸው፤ ሳቁ። ተራው ሊደርስ ሲል አንዲት ሴት ወደ ግቢያቸው አቅጣጫ እጇን ዘርግታ «ያ ጭስ የማነው?» አለች።

ባልዲውን የት እንደጣለ አያስታውስም። በሩ ጋ ሲደርስ ልጁ ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ አረፋ በክንዷ እንዳለ እየሮጠች ነው። ጭሱ ከአልጋው ሥር ይወጣል። ካርቶኑ ይነዳል፤ እሳቱ የፍራሹን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል። ሚስቱ ብርድ ልብሱን በግራ እጇ ከራሷ ላይ ለመግፈፍ ስትታገል እጅጌዋ ተያይዟል። መስታወት ሁለቱን ክንዶቹን ከሥሯ አስገብቶ አነሳት። እጁ ያን ጊዜ ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ አያውቅም። ደጅ መሬት ላይ አስተኝቶ እጅጌዋን በገዛ ደረቱ ተጭኖ አጠፋው። ጎረቤት ተሯሩጦ ቤቱን በውሃ አረሰረሰው።

ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትተርፋለች ተብለዋል። ግራ እጇ ግን ከክርን በታች ክፉኛ ተቃጥሏል፤ ያ የማይንቀጠቀጠው እጅ። ልጅቷ ቃላቱ እየተደናቀፉባት ታወራለች።

«ምድጃው እኮ አልተቀጣጠለም ነበር! ከየት መጣ? ምንም ያደረግኩት ነገር የለም እኮ። ኮትህን ይዤ ልወጣ ስል ኪስህን አራገፍኩ፣ ያው የራዲዮ ድንጋይና የድስት ሽቦ ነው፤ እንዳይጠፋብህ ብዬ እዚያው ጨርቅ ካርቶኑ ላይ ጣል አደረግኩት። እማዬ ስትጮህ፣ በእጇ ወደ ታች ስትጠቁም ውሃ ጠማት ብዬ ሰጠኋት። አልጠጣም አለች፣ አፏን አዞረች፣ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ጠረግኩላትና ካርቶኑን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፍቼ ወጣሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ሆና ነው ግን ስትጮህ የነበረው?»

ለመስታወት ሁሉም ነገር ፊት ለፊቱ ተዘረጋለት። ጥጡ፣ ጥጡ ላይ ሱፉ፣ ከሱፉ አጠገብ ድንጋዩ፣ ከዚያ የልጁ እግር ገፋ ሲያደርገው ሁለቱ ሲገናኙ። አልጋ ላይ ደግሞ ሁሉን እያየች፣ ምን እንደሚመጣ እያወቀች፣ ውሃ የምትጋት ሚስቱ።

አሁን እውነቱን ቢናገር ክብሪት አልነካሁም ማለት ይችላል፤ ልጁ ያዘዘችውን አላፈረሰም። ግን ያን ቢናገር ይህቺ ልጅ እናቷን በገዛ እጇ እንዳቃጠለች፣ እናቷ ስትጮህላት ውሃ ግታ እንደሄደች እያወቀች ዕድሜዋን ልትኖር ነው። እሱ ሽማግሌ ነው። እሷ ገና ብዙ ዘመን ይቀራታል።

«ክብሪት ነው» አላት።

«ምን?»

«ክብሪት ገዝቼ ነበር። ልትገቢ ስትይ ጭሬው ነበር። ኮቴሽን ስሰማ ደንግጬ አልጋው ሥር ወረወርኩት። የጠፋ መስሎኝ ነው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ከአጠገቡ ተነሳችና ኮሪደሩ ማዶ ያለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ።

እንደተባለው ሆነ። ሚስቱ ከሆስፒታል በቀጥታ ልጅቷ ክፍል ገባች። እሱ ወንድሙ ግቢ፣ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ተሰጠው። ወሬው ሥራ ቤቱ ድረስ ደረሰ። «መስታወት እንኳ! ያ ጨርቅ ሲያሰጣ የሚውለው?» ተባባሉ። ሸሚዙን የሚቆልፍለት ስለሌለ የወንድሙ ሚስት ቁልፍ የሌለው ሹራብ ሰጠችው።

እሑድ እሑድ ሊጠይቃት ይሄዳል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ «እጅህን አንሳ» ትለዋለች። ያነሳል። እየተንቀጠቀጡ አየር ላይ ሲቆዩ ኪሶቹን አንድ በአንድ ትዳስሳለች፤ ከዚያ ብቻ ነው የምታስገባው። ከእናቷ ጋር ለብቻቸው አትተዋቸውም። አባዬ ማለትም ትታለች፤ ክፉ ቃል ግን አይወጣትም።

በመጀመሪያው እሑድ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሚስቱ ግራ እጅ በፋሻ ተጠቅልሎ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል፤ ከፋሻው የወጡት ጣቶች ተጣብቀዋል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታቸው ምድጃው ላይ ክብሪት ጫረች። አንዴ ብቻ፣ ቀጥ ባለ እጅ። ሚስቱ ከነበልባሉ ላይ ፊቷን አዞረችና እሱን አየችው። ከዚያ ያን የተጠቀለለ እጅ በስንት መከራ ከብርድ ልብሱ አንስታ ወደ ልጅቷ ጀርባ ዘረጋችው።

«እ!» አለች። ደገመችው። «እ!»

ልጅቷ ዞር አለች። እንባ ያቀረረችውን እናቷን፣ የተዘረጋውን ፋሻ አየች፤ አልገባትም። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አባቷን ተመለከተችው።

«ምን እያለች ነው? ድምፅዋን የምትለየው አንተ ነህ። ምን ፈልጋ ነው?»

መስታወት ይለያታል። ንገራት ማለቷ ነው። ይህን ያህል ግልጽ አድርጋ ተናግራው አታውቅም፤ ምላስ በነበራት ጊዜ እንኳ። እሱም ዓይኗን ዓይኗን እያየ ራሱን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ነቀነቀላት።

«ውሃ ነው» አላት ለልጁ። «ውሃ ጠምቷት ነው።»

ልጅቷ ብርጭቆ ሞልታ መጣችና የእናቷን አንገት ደግፋ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ ከንፈሯን ገጥማ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ከሱ ላይ ሳትነቅል ከፈተችውና ጠጣችው።